በጫማ ቀለም የታሸ ሩዝ

እማማ መርፌ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከምድጃው ኋላ ተንበርክከው የአይጥ ኩስ ሲዘሩ ያያቸው ሰው አልነበረም እንጂ ቢኖር ኖሮ ጉድ ፈላ ባለ ነበር። ኩሱ ደግሞ ኩስ እንዳይመስላችሁ፤ ሩዝ ነው። ማለዳ ከጣሳ አንድ እፍኝ ዘግነው፣ በጥቁር የጫማ ቀለም አሽተው፣ ጋዜጣ ላይ አድርቀው፣ አሁን ደግሞ እዚህ ሦስት እዚያ አምስት እያሉ የግድግዳውን ጥግ ይዘው ያንጠባጥባሉ። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋ እጅ ነውና ሥራው ንጹሕ ነበር።

"አይጧ ራሷ ብታየው የኔ ነው ብላ ትምላለች" አሉ ወገባቸውን ይዘው ሲነሱ።

መርፌ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ግማሹ በሙያቸው ነው ይላል፣ ግማሹ በምላሳቸው። የስፌት መኪናቸው ዛሬም መንገዱን ከሚያየው መስኮት ሥር ተቀምጣለች፤ ከዚያ ሆነው ያልታዘቡት መንገደኛ፣ ያልተቹት ቀሚስ የለም። ቤቱን ከሟች ባላቸው ጋር ክፍል በክፍል ነው የሠሩት። ማድቤቱ አንድ ዓመት፣ ኮሪደሩ አንድ ዓመት፣ መኝታ ቤቱ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ከዚህ ቤት ውጡ ከማለት ቆዳዎን ያውልቁ ማለት ይቀላል።

ውጪ የምትላቸው ደግሞ ባዕድ አይደለችም፣ አንዲት ልጃቸው ናት። ነርስ ናት፤ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ከሦስት ወር በፊት እማማ የደጃፉ ደረጃ አንሸራትቷቸው ወድቀው፣ ልጃቸው ከሥራ ወጥታ እስክታገኛቸው ግማሽ ቀን ሲሚንቶ ላይ ተጋድመው ቆዩ። አጥንታቸው ድኗል። ጭቅጭቁ ግን አልዳነም። እሷ "እኔ ጋ ነይ" ትላለች፣ እሳቸው "ከዚህ ቤት የምወጣው ተሸክመውኝ ነው" ይላሉ።

ታዲያ ከሁለት ሳምንት በፊት ማድቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲቧጥጥ ይሰሙና፣ አይ አፍ! ለዚችው ልጅ በስልክ እየሳቁ ይነግሯታል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከች አለች። ወዲያው ኢንስፔክተር ለሚባል ሰው ደወለች። ሰውየው ፖሊስ አይደለም፤ ሥራው ከሰው ቤት አይጥ ማስወጣት ነው። ስሙን ያገኘው ወጥመድ ከማጥመዱ በፊት ምርመራ ስለሚያበዛ ነው። ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ እናትና ልጅም ጎን ለጎን ሆነው ትምህርቱን ሰሙ።

"መጀመሪያ ማን እንደሆነ እንወቅ" አለ ኢንስፔክተር። "ትንሿ አይጥ ናት ወይስ ትልቁ አይጠመጎጥ? ለአይጥ የሚጠመደው ለአይጠመጎጥ አይሆንም። የአይጥ ኩስ የሩዝ ፍሬ ታክላለች፣ ጫፏ ሹል ነው። የአይጠመጎጥ ወፍራም ነው፣ መድኃኒት ካፕሱል በሉት። እስክመጣ ድረስ ምንም እንዳትነኩ።"

ስልኩ ሲዘጋ ልጅየዋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "አይጥ ከሆነች ወጥመድ እንገዛለን፣ አለቀ። አይጠመጎጥ ከሆነ ግን የመብራት ሽቦ ይቆርጣል፣ በሽታ ያመጣል፣ የተኛ ሰው ይነክሳል። ቤቱ ተዘግቶ እኔ ጋ ትመጫለሽ። እሺ በይኝ።"

እማማ የሰሙት መቧጠጥ የትንሽ ነገር መሆኑን እርግጠኛ ስለነበሩ ደረታቸውን ነፍተው "እሺ! ኢንስፔክተሩ ይፍረድ!" አሉ። ይኼን ያሉበትን አፍ በኋላ ስንት ጊዜ እንደረገሙት እሳቸው ያውቃሉ። ኢንስፔክተሩ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ምድጃውን ሳብ ቢያደርጉ፣ ከኋላው ሰባት ወፋፍራም ጥቋቁር ነገሮች ተደርድረው ታዩዋቸው። መነጽራቸው አልነበረም። ነገሩም መነጽር የሚያስፈልገው አልመሰላቸውም፣ ካፕሱል የሚያካክል ኩስ ነው። ፊታቸውን አዙረው፣ አፍንጫቸውን ይዘው፣ ጠርገው ከደጅ ቆሻሻ መጣያ ጨመሩት። ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው ሲነጋ የሩዙን ጣሳና የጫማ ቀለሙን አወጡ።

ኢንስፔክተር ከሰዓት በኋላ መጣ። ወፈር ያለ፣ ጉልበቱ ላይ ስፖንጅ ያሰረ፣ ግንባሩ ላይ ባትሪ ያበራ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። ሰላምታ እንኳን በቅጡ ሳይጨርስ መሬት ወረደ። ልጅየዋ የነርስ ነጭ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ወደ ሥራ ልትሄድ ስለሆነ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከጥፍራቸው ያልለቀቀውን ጥቁር ነገር በሽርጣቸው ይደብቃሉ።

"እኔ እኮ አይቻታለሁ" አሉ ሳይጠየቁ። "ይቺን የምታክል ናት።" አውራ ጣታቸውን አሳዩ።

"ትንሽነት ብቻውን አይበቃም፣ እማማ" አለ ሰውየው ቀና ሳይል። "የአይጠመጎጥ ልጅም ትንሽ ነው። ልዩነቱ እግሩና ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ይበልጣሉ፣ የታላቅ ወንድሙን ጫማ ያደረገ ልጅ ይመስላል። አይጥ ግን ጭንቅላቷ ትንሽ፣ ጆሮዋ ትልቅ ነው። ጆሮዋን አዩት?"

"ጆሮ? ሰላም ልበላት እንዴ ቆሜ!"

ኢንስፔክተር ከሩዙ አንዱን አነሳ። በጣቶቹ መሃል አንከባለለው፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፣ አሸተተው። ከዚያ በሩ ሥር ወደተቀመጡት የእማማ ጫማዎች ዞሮ ተመለከተ። ሦስት ወር ከግቢ ያልወጡ ሴትዮ ጫማ እንደ ሙሽራ ጫማ ያበራል። ወደ ቁምሳጥኑ ተንፏቀቀ፣ እጁን ከሥሩ ሰደደ፣ አንድ ነገር አወጣ፣ በባትሪው አየው፣ ቀና ብሎ ልጅየዋን አየ፣ ነገሩን ኪሱ ከተተው። አንዷን ሳልጠርጋት ቀርቼ ነው፣ አለቀልኝ አሉ እማማ በልባቸው።

"እህስ?" አለች ልጅየዋ። "አይጠመጎጥ ነው አይደል?"

"ዛሬ ፍርድ የለም፣ ሲስተር። ማስረጃው በዛብኝ። ዱቄት አላችሁ?"

ዱቄቱን በወንፊት ከምድጃው እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ ስስ አድርጎ ነፋው። "አይጥ ወሬኛ ናት" አለ እየነፋ። "ቤት ውስጥ አዲስ ነገር ካየች ሳትመረምረው አታድርም። አይጠመጎጥ ተጠራጣሪ ነው። አዲስ ነገር ካየ ቀናትን ዙሪያውን ይሄዳል እንጂ አይረግጠውም፤ ከረገጠም እግሩ የኔን አውራ ጣት ይሞላል። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። እስከዚያ ማድቤት የሚገባ ሰው እንዳይኖር።"

ልጅየዋ ሰዓቷን አይታ እናቷን ስማ ወጣች። ኢንስፔክተር የግቢው በር መዘጋቱን ጆሮውን አቁሞ ካዳመጠ በኋላ የተረፈውን ዱቄት ማድቤቱ መግቢያ ላይ ወፈር አድርጎ ነዛው።

"ይኼ ደግሞ ለማነው?" አሉ እማማ።

"ከምድጃ ኋላ ለማይገቡት። ለመሆኑ የእርስዎ አይጥ እጅግ የጨዋ ልጅ ናት፣ ኩሷ ጫማ ጫማ ይሸታል።"

እማማ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። "ድምፅህን ቀንስ!" አሉ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ባይኖርም። ከዚያ መርፌነታቸው ሁሉ ጠፍቶ እጁን ያዙት። "የኔ ልጅ፣ እባክህ አይጥ ናት በላት። ይኼን ቤት በጡብ በጡብ አውቀዋለሁ። ፎቅ ላይ ወስዳ ብታስቀምጠኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው የምሞተው።"

"እኔ የምፈርደው በዱካ ነው" አለ ሰውየው እጃቸውን መታ መታ አድርጎ። "በሰላም ይደሩ።"

በማግስቱ እማማ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሱ። ሐሳባቸው ምን እንደነበር ልደብቃችሁ አልችልም። የትልቅ እግር ዱካ ካለ በመጥረጊያ አጥፍተው፣ በእርሳስ ጫፍ ትንንሽ እግር ሊስሉበት ነበር። መነጽራቸውን አደረጉ፣ እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሻጥ አደረጉ፣ በማድቤቱ መስኮት በኩል ሊገቡ በጓሮ በር ዞሩ። በዋናው መግቢያ ዱቄቱ ላይ ቢረግጡ ራሳቸው ይያዙ የለ!

መስኮቱን ገፋ አድርገው ቢያዩ የጫማ ዱካ ነው። በጨለማ የገባ ሰው ከመግቢያው እስከ ኋላው ግድግዳ ሄዶ ተመልሷል። ሶሉ ላይ የአበባ ቅርጽ አለው። ያንን አበባ እማማ ያውቁታል፤ የነርስ ነጭ ጫማ ነው፣ ሲገዛ አብረው ነበሩ። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ሰባት አዳዲስ ጥቋቁር ነገሮች ተደርድረዋል። እንደምንም በመስኮቱ ገቡ፣ በሰባ ሁለት ዓመት እንዴት እንደገቡ አትጠይቁኝ፣ አንዱን አንስተው በመነጽር አዩት። ጫን ቢያደርጉት ጧ ብሎ ተከፈተና ዱቄት አፈሰሰ። ካፕሱል! እውነተኛ፣ የፋርማሲ፣ ለደም ማነስ የሚሰጥ ካፕሱል!

"አንቺ ልጅ!" አሉ ባዶ ማድቤት ውስጥ። "አንቺ የኔን ጡት የጠባሽ! ከገዛ ቤቴ ልታስወጪኝ አይጠመጎጥ ትፈበርኪ!" የራሳቸው ሩዝ እዚያው ከጥጉ እያያቸው መሆኑን ረስተውታል። ደማቸው ፈላ። ሁለት ሰዓት ላይ በኢንስፔክተሩ ፊት የሚሉትን ሁሉ፣ አንዱን ቃል ከሌላው እያስበለጡ፣ ማዘጋጀት ጀመሩ። ያዋርዷታል። ለዘመድ ሁሉ ይነግሩባታል።

ማስረጃው እንዳይጎድልባቸው ዱካውን ተከትለው ወጡ። ነጩ ጫማ ዱቄቱን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጥቷል። ወደ ውጭው በር መዞር ሲገባው ግን አልዞረም። ቀጥ ብሎ በሌላው አቅጣጫ፣ እየደበዘዘም ቢሆን፣ እስከ መኝታ ቤታቸው በር ድረስ ይሄዳል። በሩ ላይ ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ጣታቸው ወደ በሩ ነው። ዱቄቱ እዚያ ላይ ተራግፎ ተራግፎ ሁለት ትንንሽ ነጭ ምንጣፎች ሠርቷል፤ የቆመው ሰው ለአፍታ አይደለም የቆመው። በሩ ሲተኙ ዘግተውት ነበር። ሲነሱ ግን ገርበብ ብሎ ነው ያገኙት፣ ያኔ ልብ አላሉትም።

እማማ መርፌ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ያዘጋጁት ስድብ ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ። ያን ቀን ሲሚንቶው ላይ ተጋድመው ሳለ ልጃቸው በሩን ከፍታ ያሰማችው የጩኸት ድምፅ ትዝ አላቸው። ሦስት ወር ሙሉ የራሳቸውን አጥንት እንጂ ያንን ድምፅ አንድ ቀን አስበውት አያውቁም ነበር። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በራሳቸውም ተናደዱ።

ከዚያ መጥረጊያ አመጡ። የኮሪደሩን ጠረጉ፣ የማድቤቱን የጫማ ዱካ አንድ በአንድ አጠፉ፣ ካፕሱሎቹን በሽርጣቸው ኪስ ከተቱ። ልጃቸውን በባዕድ ሰው ፊት የሚያዋርድ ዱካ አንድም አላስቀሩም። ኋለኛው ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸው ቆመ። እዚያ ዱቄቱ ላይ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጡ ትንንሽ እግሮች ወዲያ ወዲህ ሲሉ አድረዋል። ዞረዋል፣ ተመልሰዋል፣ ካፕሱል የነበረበት ቦታ ሁሉ እየሄዱ ቆመዋል። በመሃላቸው ክር የምታህል የጅራት መስመር ትታያለች። ያቺን አልነኳትም።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ኢንስፔክተርና ልጅየዋ አንድ ላይ ገቡ። ሰውየው የመጥረጊያውን ጭረት አየ፣ እማማን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "አይጧ ቤትም ትጠርጋለች ማለት ነው" አለ። ከዚያ ተንበርክኮ ትንንሾቹን እግሮች በሜትር ለካ። "አይጥ ናት። አንዲት ወሬኛ አይጥ። አይጠመጎጥ የሚባል እዚህ ቤት አልደረሰም።" ከቧንቧው ኋላ እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ አገኘ፣ በድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቀጠቃት፣ ሁለት ትንንሽ ወጥመድ የግድግዳውን ጥግ አስይዞ አስቀመጠ።

ልጅየዋ ሰውየው የሚለውን አትሰማም። ዓይኗ ከኋላው ግድግዳ ሥር አንድ ነገር ይፈልጋል፤ እዚያ የለም።

እማማ ሰውየውን እስከ ግቢው በር ሸኙት። ከኪሱ አንድ ካፕሱል አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። "የትናንቱ ነው፣ ከቁምሳጥኑ ሥር" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ፣ ደም ማነስ የያዘው አይጠመጎጥ ገጥሞኝ አያውቅም።"

"ውጣ ከግቢዬ፣ አንተ ነገረኛ!" አሉ እማማ እየሳቁ፣ በሩን ዘጉበት።

ተመልሰው ስምንቱን ካፕሱሎች በሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ ደርድረው ከልጃቸው ፊት አኖሩት። "መድኃኒትሽን ረስተሽ ሄደሻል።"

ልጅየዋ ክው አለች። "እማ፣ እኔ..."

"ቆይ። እሱን ተይውና አንድ ነገር ንገሪኝ። መኝታ ቤቴ በር ላይ መቆም ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"ከወደቅሽ ጀምሮ ነው" አለች ልጅየዋ። "በየቀኑ። ሥራ የጠዋት ከሆነ ከመግባቴ በፊት፣ ካልሆነም ከእንቅልፌ እንደነቃሁ እመጣለሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ትንፋሽሽን እሰማለሁ፣ ሰምቼ እሄዳለሁ። አንድ ቀን አልሰማሁም። ጠጋ ብዬ ሳይሽ ብርድ ልብሱን ተከናንበሽ ነው። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በበነጋው ነው ካፕሱሉን ያመጣሁት። አበድኩ መሰለኝ፣ እማ።"

እማማ ወንበራቸውን ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሽ ነበር እኮ። እኔ ጋ ነይ ብዬ።"

"እሱ ትእዛዝ ነው። ትእዛዝ ደግሞ ከማንም አልቀበልም፣ ከአባትሽም አልተቀበልኩ። ፈራሁ አላልሽኝም።"

"ፈራሁ፣ እማዬ" አለች ልጅየዋ፣ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ። ያቺ በሽተኛ ሁሉ የሚፈራት፣ ዶክተር የምትቆጣ ነርስ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። እማማ በሽርጣቸው ጠረጉላት፤ ጥፍራቸው ላይ የቀረው ጥቁር ጉንጯን ሲቀባት አይታ ልጅየዋ እጃቸውን ያዘች።

"ይኼ ምንድን ነው?"

እማማ ተነሥተው ከምድጃው ኋላ አንድ ፍሬ አምጥተው ሳህኑ ላይ፣ ከካፕሱሎቹ አጠገብ ጣሉት። "ሩዝ ነው። የጫማ ቀለም ነው። አንድ እፍኝ ሙሉ።"

ልጅየዋ ሩዙን አየች፣ እናቷን አየች፣ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ አመለጣት። "እኔ ሌባዋን እናቴን ጨዋ ናት ብዬ! በጸጸት ስቃጠል ነው እኮ ያደርኩት!"

"እኔስ ከዛሬ ጠዋት በፊት ያንቺን ሥራ መች አውቄ! ያ ሁሉ ሩዝ የታሸው ላንቺ ካፕሱል ነው።" ሁለቱም ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። "ስሚ ግን፣ ከዚህ ቤት አልወጣም። ፍርዱን በጆሮሽ ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ" አለች ልጅየዋ አፍንጫዋን እየጠረገች። "የኔ ቁልፍስ?"

"ቁልፍሽ ያንቺ ነው።"

ያን ዕለት ማታ እማማ ከመተኛታቸው በፊት ከስፌት መኪናዋ ሥር ወንበሯን ጎትተው መኝታ ቤታቸው በር ላይ አኖሯት፤ አርባ ዓመት የተቀመጡባትን፣ ከነትራሷ። ጠዋት ገና ጎህ ሳይቀድ ነቁ። ጆሯቸውን አቁመው አዳመጡ። ቁልፍ ዞረ። ጫማ ቀስ ቀስ እያለ ኮሪደሩን መጣ፣ ወንበሯ ጋ ሲደርስ ቆመ። በሩ ጣት የምታህል ተከፈተ። ከዚያ ወንበሯ ሲጥ አለች።

አንድ የክፋት ሐሳብ መጣባቸው፤ ትንፋሼን ያዝ ባደርግስ? ወዲያው በራሳቸው አፈሩ። የቻሉትን ያህል ረጅም ትንፋሽ ስበው፣ በአፍም በአፍንጫም አስወጡት።

"እየተነፈስኩ ነው!" አሉ ከብርድ ልብሱ ሥር ጮክ ብለው። "ጫማሽን ጠርገሽ ግቢ።"